የዴኩን ጀርባ አንዴ ሰክቶ መተው፦ የድሮ ካሴት ሲገለበጥ ጃክና ፖርት እንዳይጎዳ

የቪዲዮ ዴክ ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) ወይም ሞተሩን ነው። ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከተጀመረ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትላላው ጀርባው ላይ ያለችው ቢጫ ቀዳዳ ናት። ጣት ሲነካት ትነቃነቃለች፤ ምስሉ ይጠፋል፤ ገመዱ በእጅ ሲደገፍ ይመለሳል። ያን ጊዜ ከገመዱ ሥር የታጠፈ ወረቀት ይወተፋል። ወረቀቱ ለአንድ ካሴት ያህል ይደግፋል፤ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ግን እያሰፋው ይሄዳል።

ቪኤችኤስ፣ ማለትም የተለመደው ትልቁ የቪዲዮ ካሴት፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ዴክ እያመረተ የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ የጃፓኑ ፉናይ ሲሆን፣ እሱም በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ በየቤቱ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው የሚሠራ ዴክ ሁሉ ምትክ የለውም። ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ግን ዛሬም ሱቅ ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እየተሰካ እየተነቀለ የሚያልቅ ነገር መኖሩ ካልቀረ፣ የሚያልቀው ከሱቅ የሚገዛው ይሁን።

ቀዳዳዋ ለምን ትላላለች?

ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። ድምፁ ሞኖ በሆነ ዴክ ላይ ከድምፅ የሚኖረው ነጩ ብቻ ነው። የወንዴው ጃክ (የገመዱ ጫፍ) መሐል ፒን 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ሴቴው (ቀዳዳዋ) ውስጥ ይህን ፒን ቆንጥጦ የሚይዝ ስስ ምላስ አለ። ከውጭ ደግሞ የወንዴው ቀለበት የሴቴውን ክብ ብረት ያቅፋል። ምስሉ የሚያልፈው በመሐሉ ፒን ነው፤ የሚመለሰው በውጪው ቀለበት ነው። አንዱ ከላላ ሌላው ብቻውን አይሠራም።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። በመሰካትና በመንቀል ብዛት የብረቱ ሽፋን ይፋቃል፤ ውስጥ ያለው ምላስ እየተከፈተ መጨበጥ ያቅተዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሴቴው ከሰርኪት ቦርዱ ጋር የተጣበቀበት ሶልደር ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው። ሦስተኛው በአንድ ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ዴክ የሚጥለውም እሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ወንዴው ሲሰካ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ይቆማል። በላዩ ላይ ማገናኛ ወይም ባለ ሁለት አፍ ማከፋፈያ ሲቀጠል ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ያ ርዝመት እንደ መፈንቀያ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው የገመድ ክብደት ትንሽ ቢሆንም ሥሩ ላይ ያለው ጉልበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። በርካታ ዴኮች ላይ ሴቴው ከቆርቆሮው ጋር በብሎን አልተያዘም፤ ጠቅላላ ኃይሉን የሚሸከመው ቦርዱ ላይ ያለችው ጠብታ ሶልደር ናት። ሶልደር ደግሞ ለስላሳ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይደክማል።

ቡፌው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ጥልቀቱ ለዴኩ ልክ ሲሆን የጃኩ አንገት ከቡፌው ጀርባ ጋር ይጋጭና ወደ ጎን ይታጠፋል። አቧራ ለመጥረግ ዴኩ በተሳበ ቁጥር ሦስቱም ጃኮች አብረው ይጎተታሉ። ለመገልበጥ ሲታሰብ ዴኩን ከቡፌ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግና ከኋላው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት መተው ነው። ዳንቴሉም ይነሣ፤ የሙቀት መውጫውን ይደፍናል።

መሰኪያ ሰሌዳ መሥራት

መፍትሔው ቀላል ነው። በዴኩ ጀርባ ገመዱ አንዴ ይሰካል፤ ሥራው እስኪያልቅ ለወራትም ቢሆን አይነቀልም። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ የሚያርፈው እንጨት ሰሌዳ ላይ በተያዘ ሴቴ ማገናኛ ነው። ከማገናኛው ወደ መቅረጫው፣ ማለትም ምስሉን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ወደሚያስገባው መሣሪያ፣ የሚሄደው ሁለተኛ ገመድ ነው። ከዚያ በኋላ መሰካትም መንቀልም ሰሌዳው ላይ ብቻ ይሆናል። ማገናኛው ሲላላ በሌላ ይቀየራል፤ ዴኩ ምንም አይሆንም።

ለአንድ ዴክ የሚያስፈልገው ይኼ ነው፦ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ሁለት፣ ሴቴ ለሴቴ የሆነ ማገናኛ ሦስት (ለመለዋወጫ ሁለት መጨመር ጥሩ ነው)፣ 50 ሳንቲ ሜትር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ አንድ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ስምንት ያህል፣ እና 30 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት። ለምስሉ የሚሆነው ገመድ 75 ኦም ተብሎ የተሸጠ ቢሆን ይመረጣል፤ የምስል ሲግናል የሚላከው በ75 ኦም ልክ ነው። ሳሳ ያለ የድምፅ ገመድ በ1 ሜትር ርቀት ብዙ ላያስታውቅ ይችላል፤ ሲረዝም ግን ምስሉ ላይ ጥላ ያመጣል።

እንጨቱ ጅማ ውስጥ ችግር አይሆንም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚሠራበት ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃል፤ ኮምፔንሳቶም ይሆናል። ብረት ግን አይጠቀሙ። ብረት ሰሌዳ የሁሉንም ጃክ ውጪ ቀለበት እርስ በርስ ያገናኛል፤ ከአንድ በላይ መሣሪያ ሲያያዝ ድምፁ ላይ እምምም የሚል ጩኸት የሚገባበት አንዱ ሰበብ እሱ ነው።

ማገናኛዎቹ በ25 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይደርደሩ፤ ከዚህ ከጠበበ ጣት አይገባም፣ ጣት ካልገባ ደግሞ ሰው ገመዱን ይዞ ይጎትታል። ከእያንዳንዱ ማገናኛ ግራና ቀኝ በትራፓኖ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሱ፤ በቀዳዳው የፕላስቲክ ማሰሪያ አሳልፈው ወገቡን ያስሩ። ማሰሪያው ማገናኛው እንዳይንሸራተት ይጥበቅ፤ ፕላስቲኩን እስኪያጎብጥ ድረስ ግን አይጥበቅ። ከማገናኛው 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ገመዱም ራሱ ከሰሌዳው ጋር ይታሰር። እጅ ሳያስበው ገመዱን ቢመታ ጉልበቱ የሚቀረው ማሰሪያው ላይ ነው።

በዴኩ በኩልም እንዲሁ። ሦስቱ ገመዶች ከጃኩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብለው፣ ትንሽ ላላ ያለ ቅስት ሠርተው፣ ከጠረጴዛው ጋር ይታሰሩ። ከማሰሪያው እስከ ጃኩ ያለው ገመድ ተወጥሮ መታየት የለበትም።

ምስሉን በቴሌቪዥንም በኮምፒውተርም በአንድ ጊዜ ለማየት ተብሎ ባለ ሁለት አፍ ማከፋፈያ ዴኩ ላይ የሚሰካበት ጊዜ አለ። ይህን ይተዉት። ክብደቱ ጃኩን ከመጎተቱ ሌላ፣ 1 ቮልት መሆን የነበረበትን ሲግናል ወደ 0.67 ቮልት ያወርደዋል፤ ሁለቱ ተቀባዮች እያንዳንዳቸው 75 ኦም ስለሚስቡ ነው። ምስሉ ደብዝዞ ይቀረጻል፤ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ደግሞ የጠፋው አይመለስም። ምስሉን በኮምፒውተሩ ማያ ላይ መከታተል ይበቃል።

አዲስ ገመድ ሲገዛ መጀመሪያ የውጪውን ቀለበት መፈተሽ ነው። ርካሹ ገመድ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ ሲነቀል ሴቴውን ነቅሎ ሊመጣ ይችላል። በጣም ከጠበቀ የቀለበቱን ቅጠሎች በትንሽ ካቻቪቴ አንድ በአንድ በስሱ መክፈት ነው፤ ከላላ ደግሞ በፒንሳ በስሱ መጫን። ሁልጊዜ የሚያስተካክሉት ወንዴውን ይሁን፤ ሴቴውን በፒንሳ አይንኩ። ሲነቅሉ አንገቱን ይዘው፣ በጥቂቱ ግራ ቀኝ እያሉ ቀጥ አድርገው ይሳቡ።

ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ አይሰካ

የላፕቶፕ ቻርጀር ተሰክቶ ሳለ ብረቱን ሲዳስሱት ነዘር የሚያደርግ ቤት ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የኧርዝ ሽቦ ከሌለው፣ ወይም ቻርጀሩ ባለ ሁለት እግር ከሆነ፣ በውስጡ ባለች ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) በኩል የ220 ቮልቱ ግማሽ ገደማ በመሣሪያው ብረት ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። አምፔሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳም። ጃኩ ሲሰካ ግን የመሐሉ ፒን ከውጪው ቀለበት ቀድሞ ይነካል፤ የጃኩ አሠራር ራሱ እንዲህ ነው። ስለዚህ ያ የተጠራቀመ ኃይል የሚያልፈው በምስሉ መንገድ ይሆናል። በዓይን የማትታይ ብልጭታ የመቅረጫውን ቺፕ ልታቃጥል ትችላለች፤ በጃኩ ጫፍ ላይም ጥቁር ነጥብ ትተዋለች።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ዴኩም ቻርጀሩም የሚሰኩበትን ዲቫይደር ከግድግዳው ሶኬት ይንቀሉ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆይ፤ ጃኮቹን ይስኩ፤ በመጨረሻ ዲቫይደሩን ይመልሱ። መብራት ሲሄድ ጃክ መንቀል አያስፈልግም። ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚገባው በግድግዳው በኩል ነው፤ የሚነቀለውም ዲቫይደሩ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማም እንዲሁ። የዲሽ ወይም የአንቴና ገመድ በዴኩ ላይ ካለ ግን ካሴት ለመገልበጥ አያስፈልግምና አንዴ ተነቅሎ ይቅር፤ መብረቅ በእሱም ይገባል።

ሌሎቹ ጃኮች

አንዳንድ መሣሪያ ላይ ያለው ኤስ-ቪዲዮ የሚባል የምስል መውጫ ከቢጫው የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ስለሚያሳልፍ። ክብ ነው፣ አራት ቀጫጭን ፒን አለው፣ ከጃኮች ሁሉ በቀላሉ የሚጎዳውም እሱ ነው። ፈጽሞ አይጠመዘዝም። ቀጥ ካላለ ፒኑ ይተኛል። የተኛ ፒን ለማቃናት ጫፉ የተነቀለና ቀለም ያለቀበት የእስክሪብቶ ቀፎ ፒኑ ላይ አጥልቆ ቀስ ብሎ ማቆም ነው፤ በአንድ ጊዜ። ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ፒን ይሰበራል። የቀለሙ ፒን ካልነካ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ግን ከአሜሪካ የተላከ ካሴትም እንዲሁ ሊያሳይ ይችላል፤ የዚያ አገር ካሴት የቀለም አሠራር ኤንቲኤስሲ ሲሆን የእኛ ፓል ነው። ፒኑን ከመነካካት በፊት ሌላ ካሴት ከቶ ማየት ነው።

የትናንሽ ካሜራዎች (ቪዲዮ 8፣ ሃይ 8) መውጫ ብዙውን ጊዜ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ውስጡ ስስ የብረት ቅጠል ብቻ ስላለ ካሜራውን ይዞ ማንቀሳቀስ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ገመዱ አጠገቡ ይታሰር። የገመዱ የውስጥ አደራደር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ምስል ጠፍቶ በድምፁ በኩል ጩኸት ከተሰማ ቀዩን ወንዴ ሰሌዳው ላይ ባለው የቢጫ ማገናኛ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ምስሉ እዚያ ይገኛል። ሙከራው ሰሌዳው ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አይደለም።

ሚኒ ዲቪና ዲጂታል 8 ካሜራዎች ፋየርዋየር የሚባል መውጫ አላቸው። በዚህ ላይ ጥንቃቄው የጠነከረ ነው፦ ካሜራውም ኮምፒውተሩም ጠፍተው ሳለ ብቻ ይሰካ። ባለ 6 ፒኑ በኮምፒውተሩ በኩል እስከ 30 ቮልት ሊይዝ ይችላል። በግድ ተገልብጦ ከገባ ያ ቮልት በመረጃው መስመር ገብቶ የካሜራውን ቺፕ ይገድላል፤ ካሜራው ካሴት ያጫውታል፣ ኮምፒውተሩ ግን ከዚያ በኋላ አያየውም።

የላፕቶፑ ዩኤስቢም ያልቃል። መደበኛው ሰፊ ዩኤስቢ ቢያንስ 1,500 ጊዜ መሰካት እንዲችል ተብሎ የተወሰነ ነው፤ የኤችዲኤምአይ 10,000 ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 26 ቀን የሚሰካ ቤት በዓመት 624 ይደርሳል፤ 1,500ው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይሞላል። ለዚህ ነው 50 ሳንቲ ሜትሩ ማስረዘሚያ የተጠቀሰው። እሱ ላፕቶፑ ላይ ይቆያል፤ ሰው ላፕቶፑን ቢወስደው እንኳ የሚነቀለው በሰሌዳው በኩል ነው። መቅረጫው ሰሌዳው ላይ ይታሰር፤ ከላፕቶፑ ጎን ሦስት ገመድ ተሸክሞ መንጠልጠል የለበትም።

እርጥበትና ማጽዳት

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ክረምቱ ሲረዝም የኒኬል ሽፋን ይደበዝዛል፣ በተፋቀበት በኩል መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። የዕጣንና የቡና መቁላት ጭስም ሳሎን ባለ ጃክ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ አቧራ የሚይዘው እሱ ነው።

ሥራ ሳይጀመር አንዴ፣ ከዚያም ክረምቱ ሲወጣ አንዴ ማጽዳት ይበቃል። የሚሆነው ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው ባለ 70 በመቶ ብቻ ከሆነ ለወንዴው ጃክ ይሆናል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ። አረቄ አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። የእጅ ማጽጃ ጄልም ሲደርቅ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

ዴኩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ የጆሮ ጥጥ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ተደርጎ፣ የሴቴው ውጪ ክብ ይጠረግ። በቀጥታ ወደ ቀዳዳው አይፍሰስ። የጥጡ ጭራ ውስጥ እንዳይቀር ለመሐሉ ጥጥ አይከተት፤ ወንዴውን በአልኮሉ አርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስገባትና ማውጣት ያጸዳዋል። ብርጭቆ ወረቀትም ቢላም አይነካው። ወርቅማ ቀለም ያለው ጃክ ሽፋኑ ከፀጉር ይሳሳል፤ አንዴ ከተፋቀ በፊት ያልነበረው ዝገት ይጀምራል። ጥቅም ላይ ያልዋሉ ቀዳዳዎችን በናስትሮ አይድፈኗቸው፤ ሙጫው ይቀራል። ማታ ንጹሕ ጨርቅ ከላይ ጣል ማድረግ ይሻላል፣ ዴኩ ከቀዘቀዘ በኋላ።

በነገራችን ላይ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚታይበት ካሴት ዴክ ውስጥ አይግባ። ሻጋታው ሄዱ ላይ ይለጠፍና ቀጣዩን ካሴት ይጎዳል።

ችግሩ ከጃኩ ነው ወይስ ከካሴቱ?

ምስል ሲቋረጥ ካሴቱን ጥቂት መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ማጫወት ነው። በዚያው ሰከንድ ከተቋረጠ ካሴቱ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ገመድ ወይም ጃክ ነው። በምስሉ ላይ አግድም የሚጓዝ የተንጫጫ መስመር ደግሞ ትራኪንግ (ሄዱ ካሴቱን በልኩ አለመከተሉ) ስለሆነ ጃኩን አይንኩት። የጃክ ችግር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ድንገት ይጠፋል፣ ድንገት ይመጣል። ድምፁ ላይ እምምም የሚል ጩኸት ከመጣና ምስሉ ከተንከባለለ የውጪው ቀለበት ላልቷል ማለት ነው።

ከዚያ የማያሳሳ ካሴት እየተጫወተ፣ ከጃኩ 2 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ገመዱን ብቻ በስሱ ማነቃነቅ። ምስሉ ከተለወጠ የገመዱ አንገት ተበጥሷል፤ ገመዱ ይቀየር። ካልተለወጠ የወንዴውን አንገት በአንድ ጣት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ በስሱ መግፋት። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከጠፋ ስንጥቁ ቦርዱ ላይ ነው።

ስንጥቁን መጠገን

ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ዴኩ ከተነቀለ በኋላም የፓወር ክፍሉ ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በቴስተር ሳይለካ እጅ አይገባም። ጠጋኙ ጋ ሲወሰድ ግን ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ይጠቅማል።

ቦርዱ ተገልብጦ በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ በቢጫው ጃክ እግር ዙሪያ ፀጉር የምታህል ጥቁር ቀለበት ትታያለች። ስንጥቁ እሷ ናት። በላዩ ላይ ሶልደር መጨመር ብቻ አይበቃም፤ የቆየው ሶልደር ከላዩ ኦክሳይድ ስለያዘ አዲሱ ሳይዋሐድ ይቀመጣል፤ ከጥቂት ወር በኋላም እዚያው ይሰነጠቃል። አሮጌው ተመጦ ይውጣ፣ ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ይቀባ፣ በ60/40 ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር የሶልደር ሽቦ፣ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ባለ ካውያ፣ በእያንዳንዱ እግር ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ይሠራ። የውጪው ቀለበት እግር ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ይቆያል። ከዚህ በላይ ከቆየ መዳቡ ከቦርዱ ይላጣል። ነጩና ቀዩም ባይሰነጠቁ እንኳ በዚያው አብረው ቢታደሱ ጥሩ ነው፤ ዴኩን ሁለት ጊዜ መክፈት አንዱ ጉዳት ነው።

ሲመለስ በቴስተር ከወንዴው ፒን እስከ ሴቴው እግር ሲለካ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት፤ ጃኩ እየተነቃነቀም ቁጥሩ መዝለል የለበትም። ከዚያ በማያሳሳ ካሴት ለ10 ደቂቃ ይሞከር። ደህና ከሆነ ሦስቱ ወንዴዎች ይሰኩ፣ ገመዱ በቅስቱ ልክ ይታሰር፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ማገናኛዎችም በዚያው ቀን በአዲስ ይቀየሩ።